ሰፋሪዎቹ ይመልሱ

አሶሳ በኖርኩባቸው ዓመታት ስለ እኔ ብዙ ተወርቷል። ትዕቢተኛ ናት፣ ሰው አታስጠጋም፣ ዝውውር እስኪመጣላት ሻንጣዋን ሳትፈታ ኖረች ተብሏል። የሻንጣው ነገር እውነት ነው። የቀረውን ያወሩት ሰዎች ግን እነሱ ራሳቸው ምን ይሠሩ እንደነበር አውቃለሁ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተው ሰው የሚያስታርቁ የተከበሩ ሽማግሌዎች ሆነዋል። እነሱ ያደረጉትን ብቻ ለመጻፍ ቢሆን ኖሮ ድሮ ጽፌ በተገላገልኩ ነበር። እጄን ይዞኝ የቆየው እኔ ያደረግኩት ነው።

ጊዜው ክልሉ ክልል በሆነ ሰሞን ነው። ቢሮዎቹ ገና ቀለም ቀለም ይሸታሉ። ትናንት ጎረቤት ክፍል ሲያስተምር የነበረ ሰው ዛሬ ኃላፊ ሆኖ በመኪና ያልፈናል። ከሌላ አካባቢ ተመድበን የመጣነው መምህራን ደግሞ በየገበያው "እናንተስ መቼ ነው የምትሄዱት?" እየተባልን፣ ጥያቄው ቀልድ ይሁን ማስጠንቀቂያ ሳንለይ እንኖራለን። እኔ በመምህራን ማሠልጠኛው አማርኛ አስተምር ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኛል። የዝውውር ማመልከቻዬ ሦስት ዓመት ሙሉ በዳይሬክተሩ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ መሳቢያውን በከፈተ ቁጥር የወረቀቱን ጥግ አየዋለሁ።

ዳይሬክተሩም እንደ እኔ ከመሀል አገር የመጣ ነው። በየስብሰባው "ጓዶች" ብሎ ይጀምርና ደንግጦ "ይቅርታ፣ ባልደረቦች" ይላል። ከበላይ የሚመጣ ስልክ ያስፈራዋል፤ ስልኩ ሲጮህ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነው የሚያነሳው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ስለተከራከርኩት የማሠልጠኛውን መጋዘን እንዳጸዳና ዕቃውን እንድመዘግብ አዘዘኝ። "ሴት ስለሆንሽ ዕቃ አያያዝ ታውቂበታለሽ" አለኝ፣ በሰው ፊት። ይህን አልረሳሁለትም።

መጋዘኑ ውስጥ በተቀደዱ ፍራሾች ሥር አንድ ፕሮጀክተርና ሦስት ጥቅል ፊልም አገኘሁ። ሁለቱ ጥቅሎች በሙቀቱ ተጣብቀዋል። ሦስተኛው ደኅና ነው፤ ያለፈው መንግሥት ስለ ሰፈራ ያሠራው አጭር ፊልም። ማሽኑን የሚያውቅ የለም ብዬ ተስፋ ስቆርጥ የታሪክ መምህሩ መጣ።

"ይቺንማ ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ያጎረስኳት" አለና እየሳቀ ፊልሙን በማሽኑ ጥርሶች ላይ አሰለፈው።

በደርግ ጊዜ በየሰፈራ ጣቢያው እየዞረ ይህንኑ ፊልም ያሳይ የነበረው እሱ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ቤቴ ምሳ ይበላል፤ ሲበላ ያወራል፤ ከእኔ የሰማውን ደግሞ ሌላ ቤት ሄዶ ያወራዋል። አውቅ ነበር። ግን ሌላ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረኝም።

ፊልም አይቶ መወያየትን እኔም የተማርኩት በዚያው በደርግ ዘመን ነው። ፊልሙ ያልቃል፣ መብራት ይበራል፣ ካድሬው "ከፊልሙ ምን ተማርን?" ይላል። መልሱን ገና ከመግባታችን በፊት ሁላችንም እናውቀዋለን። እጃችንን እያወጣን ያንኑ ቃል እንቀባበላለን። ተራዬ ደርሶ ስናገር ድምፄን እጠላው ነበር። ስለዚህ ይህን ጥቅል ባገኘሁ ጊዜ ክፉ ደስታ ተሰማኝ። በእነሱ ፊልም ላይ እነሱ ያልፈቀዱትን ጥያቄ ልጠይቅበት ነው። የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው፣ ድርሰት ማጻፍ አለብኝ፣ ማን ይከለክለኛል?

ሰሌዳው ላይ አራት ጥያቄ ጻፍኩ። ማን ይናገራል? ማን ዝም ይላል? ካሜራው የት ቆሞ ያያል? ማን ተጠየቀ፣ ማንስ መለሰ?

ከፊት ወንበር ላይ ሁለት ልጃገረዶች አብረው ይቀመጡ ነበር። አንደኛዋ የበርታ ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመት ያለፋት፣ ቶቧን እስከ ግንባሯ ተከናንባ የምትመጣ። ከልጅነቷ ግማሹን ድንበሩን ተሻግራ ሱዳን ውስጥ አሳልፋለች። ዐረብኛ አሳምራ ትጽፋለች፤ አማርኛ የተማረችው ዘግይታ ነው። እኔን "አንተ" ትለኛለች፤ ክፍሉ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቅና በማግስቱ መልሳ "አንተ" ትለኛለች። "መለሰ" እና "ተመለሰ" ደግሞ ጨርሶ አይለዩላትም ነበር። "እናቴ ከገበያ ገና አልመለሰችም" ትላለች፣ አልተመለሰችም ለማለት። ቢያንስ ሦስት ጊዜ አርሜያታለሁ። ከመንደሯ ለመምህርነት ሥልጠና የገባች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። መንደሯ ውስጥ ከቀርከሃ የተሠራ አዲስ ትምህርት ቤት አለ፤ ማሠልጠኛውን ስትጨርስ እዚያው እንደምትመደብ ተነግሯታል። ሽማግሌዎቹ ገና ካሁኑ "መምህራችን" እያሉ ይጠሯት ነበር።

ሁለተኛዋ የሰፋሪ ልጅ ናት። በድርቁ ጊዜ በአባቷ ጀርባ ታዝላ ከወሎ የመጣች፣ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፋሪ መንደሮች በአንዱ ያደገች። መኝታ ቤት ውስጥ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች አልጋ ይተኛሉ። የወሎዋ ልጅ የጓደኛዋን አማርኛ ታርማለች፤ ከጓደኛዋ ደግሞ "ኸላስ" ማለትን ለምዳ፣ ፈተና ስትጨርስ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ "ኸላስ!" ትላለች።

ፊልሙን ያየነው በጠራራ ፀሐይ ነው። የመስኮቱን ብርሃን በመኝታ ቤት ብርድ ልብስ ጋርደን፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረን፣ በቆርቆሮው ሙቀት እየተቀቀልን። መጀመሪያ ድምፁን ዘግቼ አሳየኋቸው።

"ምን አያችሁ?"

"ትራክተር!"

"ሌላስ?"

"ደስ ያላቸው ሰዎች" አለ አንዱ።

"ደስ እንዳላቸው በምን አወቅህ?"

"ያጨበጭባሉ።"

ከኋላ ሌላው "እኛም ዳይሬክተሩ ሲመጣ እናጨበጭባለን እኮ" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ማሽኑን የያዘው የታሪክ መምህርም ሳቀ፤ የተናገረውን ልጅ ግን ዞር ብሎ አየው።

ሁለተኛውን ጊዜ ድምፁን ለቀቅኩት። ወፍራም ድምፅ ያለው ተራኪ፣ ትራክተሩ አፈር ሲገለብጥ፣ ሰው ረግጦት ስለማያውቅ መሬት ይናገራል። የበርታዋ ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ አንተ ወደኋላ አድርግ።"

የታሪክ መምህሩ እያጉረመረመ ጥቅሉን በእጁ ወደኋላ አዞረው። ከትራክተሩ ጀርባ፣ በጭንቅ በሚታይ ርቀት ላይ፣ የማንጎ ዛፎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል።

"ማንጎ ብቻዋን ትሰለፋለች?" አለች። "እሷ ወታደር ናት?"

ሳቁ ሲበርድ ቀጠለች። "ሰው አልረገጠም ይላል። ታዲያ ማንጎ ማን ተከላት? ዝንጀሮ?"

የወሎዋ ልጅ ወደ እሷ ዞረች። "እኛ ስንመጣ ሰው አልነበረም እኮ። አባቴ ነው የነገረኝ።"

"አባትህ ማንን ጠየቀ?"

"ማንን ይጠይቅ? ከመኪና ሲወርዱ ቆርቆሮና ዶማ ሰጧቸው። ኧረ እሱ ቆሞ የሚሄድበት ጉልበትም አልነበረውም።"

ወዲያው አንሶላው ላይ አንድ ሰፋሪ መጣ። ጋዜጠኛው ማይክሮፎን አፉ ሥር ደቅኖ ይጠይቀዋል። ሰውየው አፉን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ይናገራል። የሚሰማው ግን የተራኪው ድምፅ ነው፤ ከሥሩ ሙዚቃ አለ። የሰውየው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ከሰውየው አንድ ቃል አይሰማም።

"ምን እያለ ይሆን?" አለች የወሎዋ ልጅ ቀስ ብላ። "የለበሰው ኮት የአባቴን ይመስላል።"

የበርታዋ ልጅ እጇን የጓደኛዋ እጅ ላይ አስቀመጠች። "ወላሂ፣ እሱ አንድ ነገር ብላለች" አለች። የዚያን ጊዜ ማንም አልሳቀባትም።

በዚያ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ ደስተኛ ነበርኩ። በአሶሳ ዓመታቴ ደስተኛ የነበርኩባቸውን ቀናት ብቆጥር ይህ አንዱ ነው። ስለ ፊልሙ ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝኳቸው፤ የተሻሉት በግድግዳ ጋዜጣው ላይ እንደሚለጠፉ ነገርኳቸው።

ደብተሮቹ ከአርባ በላይ ነበሩ። በቀይ እስክሪብቶ እያረምኩ፣ ሙቀቱ እያፈዘዘኝ፣ የበርታዋ ልጅ ደብተር ላይ ደረስኩ። ድርሰቷ አጭር ነው። መጨረሻው ቃል በቃል ይህ ነበር፤ እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። "ሰውየውን ጠየቁት። አፉ ተንቀሳቀሰች። ድምፅ የሌላ ሰው ነው። የእኛን ሰው ደግሞ አልጠየቁም፣ ማንጎ ብቻ አሳዩ። አሁን አዲስ ክልል ነው። ሰፋሪዎቹ ይመልሱ። እኛም እንመልስ።"

እስክሪብቶዬ አላመነታም። ሁልጊዜ የምትሳሳተውን ስህተት ነው የተሳሳተችው። ሁለቱን "ል" ሁለት "ለ" አደረግኳቸው። ሰፋሪዎቹ ይመለሱ። እኛም እንመለስ። ሰፋሪዎቹ ወደ አገራቸው ይሂዱ፣ እኛም ወደ መሬታችን እንግባ። ከጎኑ በኅዳጉ ላይ "ደፋር ሐሳብ!" ብዬ ጻፍኩ፤ ቃለ አጋኖውን ሳሰምር ራሴን እንደ ደፋር መምህር ቆጥሬ ነበር።

ከዚያ በፊት ያሉትን አምስት ዐረፍተ ነገሮች ያነበበ ሰው ስለ ምን እንደምትናገር ሊስተው አይችልም። ስለ ጥያቄ ነው የምትናገረው፤ ስለተጠየቀና መልሱ ስላልተሰማ ሰው። የጓደኛዋን አባት የመሰለው ያ ሰው ይናገር፣ ድምፁ ይሰማ ነው የምትለው። እኔ ግን አንዲት የበርታ ልጅ ስለ ሰፋሪ ስትጽፍ ምን ልትል እንደምትችል ገና ደብተሯን ሳልከፍት አውቄው ነበር። ካድሬው መልሳችንን አስቀድሞ ያውቀው እንደነበረው ማለት ነው። የጻፈችውን ሳይሆን የጠበቅኩትን አነበብኩ፤ የጻፈችውንም ከጠበቅኩት ጋር እንዲስማማ አረምኩት።

እሷ ደግሞ እርማቴን አመነች። ከእኔ የተሻለ አማርኛ ልታውቅ ነው? በሚያምር ጽሑፏ ገልብጣ፣ ማንጎ ዛፎችን ከሥሩ ስላ፣ ደብተሯንም አብራ ሰጠችኝ። ሰኞ ጠዋት የግድግዳ ጋዜጣው ላይ የለጠፍኩት እኔ ራሴ ነኝ።

እስከ ዕረፍት ሰዓት አልቆየም። የሰፋሪ ልጆች ሰሌዳውን ከበውት፣ የበርታ ልጆች በሌላ በኩል ቆመው፣ ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ሲጮህ ደረስኩ። የወሎዋ ልጅ ከፊት ናት። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ቃሉን እየጠቆመች፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ወዴት ነው የምንመለሰው?" አለች ጓደኛዋን። "አንቺ አብረሽኝ እየተኛሽ! እናቴ እኮ እዚህ ነው የተቀበረችው። ወዴት ልመለስልሽ?"

የበርታዋ ልጅ ግራ ገብቷት ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ነገሩን አባሰው። "አንተ ተናገር ነው ያልኩት" አለች። "ጥሩ ነው እኮ፣ አንተም ተናገር፣ እኔም..."

"ይኸው ተናገርኩ!" ብላ ወረቀቱን ከሰሌዳው ላይ ቀደደችው።

ከዚያ በኋላ ስለተወረወረው ድንጋይ አልጽፍም፤ ሁለት መስኮት ተሰበረ፣ ሰው አልተጎዳም። የታሪክ መምህሩ ለዳይሬክተሩ ለመናገር ከግቢው ማዶ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ የበርታዋ ልጅ መምህራን ክፍል በር ላይ መጥታ ቆመች። ብቻዬን ነበርኩ።

"ቲቸር፣ ይመለሱ ማለት ምንድን ነው?"

"ወደመጡበት ይሂዱ ማለት ነው። አንቺ አይደለሽም እንዴ የጻፍሽው?"

ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ ከዚያ ወደ ፊት ዘረጋችው፣ አንድ ነገር ከአፍ ወጥቶ ወደ ሰው እንደሚሄድ። "ጥያቄ አለ" አለች። "ከዚያ?"

"መልስ።"

"እህ! እሱ። መልስ ይስጥ። ሰፋሪው መልስ ይስጥ። እኛም መልስ እንስጥ። እኔ እንደዚያ ነው የጻፍኩት፣ አንተ ግን በቀይ..."

እዚያ ላይ ቆመች። ስድብ እንዳይሆንባት ነው መሰለኝ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሁለቱን ቀይ ፊደሎች በዓይነ ኅሊናዬ አየሁ። ደብተሯ ከሌሎቹ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

"አትጨነቂ" አልኳት። "ስህተቱ የእኔ ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቢጠራሽም እኔ እናገራለሁ።"

"ወላሂ?"

"እናገራለሁ አልኩሽ።"

ስትሄድ አረማመዷ ቀሎ ነበር።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው በሦስተኛው ቀን ተሰበሰበ። ዳይሬክተሩ፣ የታሪክ መምህሩ፣ ከትምህርት ቢሮ የተላከ ወጣት የበርታ ሰው፣ እኔ ደግሞ ምስክር። ከመግባቴ በፊት ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ጠብቆ አስቆመኝ።

"ስሚኝ እህቴ" አለ። "ቢሮው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ሐሳብ ያስገባው ማነው ነው የሚለው። መምህር ነው ከተባለ ሕዝብ ከሕዝብ ማጋጨት ይባላል፣ ፋይል ይከፈታል። ያቺ ማመልከቻሽም ፋይል ውስጥ ትገባለች። ተማሪ ናት ከተባለ ግን የተማሪ ጥፋት ነው፣ እዚሁ ያልቃል።"

ሌላ ነገር አልጨመረም። አልዛተብኝም፤ ዛተብኝ ብል ቀላል ይሆንልኝ ነበር።

የቢሮው ወጣት ልጅቱን በበርታኛ ሊያናግራት ጀመረ። ዳይሬክተሩ "በአማርኛ ይሁን እንጂ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል" አለ። ወጣቱ በአማርኛ ጠየቃት። ልጅቱ ሞከረች። "ጥያቄ"፣ "አፍ"፣ "ማንጎ" እያለች፣ ቃላቱ እየተምታቱባት፣ የታሪክ መምህሩ እስክሪብቶውን እያንቀጫቀጨ። በመጨረሻ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

"ቲቸር ያውቃል" አለች።

የታሪክ መምህሩ "ያውቃል!" ብሎ ሳቁን አፈነ።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። "ቃሉ የማነው?"

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ሁሉ ጽፌ ራሴን ላሳምር አልፈልግም። ስለ ዝውውሬ አሰብኩ። ደግሞም "ይመልሱ" ብላ ነው ብልስ ምን ይለወጣል፣ "ምን ይመልሱ? መሬቱን?" ይሉ የለ ወይ ብዬ አሰብኩ። ይህን ማመካኛ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳወጣሁትና እንዳገላበጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ይሉ ይሆናል። ግን አላሉም፤ እንዲሉ ዕድል አልሰጠኋቸውም።

"ቃሉ የራሷ ነው" አልኩ። "የእጅ ጽሑፉም የራሷ ነው።"

ከቢሮ የመጣው ወጣት ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። "መጀመሪያ የጻፈችበት ደብተር የት አለ?"

ከክፍሉ ውስጥ ይህን የጠየቀ እሱ ብቻ ነው። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነበር፤ የደብተሮቹ ጫፍ ቁርጭምጭሚቴን ይነካኛል።

"መልሼላታለሁ" አልኩ።

ይህን ቃል በትክክል ነው የተናገርኩት። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። እንዳልመለስኩላት ታውቃለች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ፣ ውሸታም ብትለኝ፣ ምናልባት ቦርሳውን እከፍተው ነበር። እሷ ግን ቶቧን ወደ ግንባሯ ሳበችና ጠረጴዛውን ማየት ጀመረች። ለብዙ ዓመታት በዚህ ተቀይሜያታለሁ። ለምን ዝም አለች እያልኩ፣ የጥፋቱን ግማሽ ለእሷ ልሰጣት ሞክሬያለሁ። መምህሯን በሰው ፊት ማዋረድ አልቻለችም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ዳይሬክተሩና የታሪክ መምህሩ ከሥልጠናው እንድትሰናበት ድምፅ ሰጡ። የቢሮው ወጣት ለወገኑ አደላ እንዳይባል ፈርቶ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። የታሪክ መምህሩ ቃለ ጉባኤውን ጻፈ፤ እኔ በምስክርነት ፈረምኩ። በማግስቱ ምሳ ሊበላ ሲመጣ በሩን አልከፈትኩለትም። የሠራሁት ጀግንነት ያ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ያላግባብ፣ ምክንያቱም እሱ ያን ቀን አንድም ውሸት አልተናገረም።

ልጅቱ ልብሷን በፌስታል ይዛ ስትወጣ ግቢው በር ላይ አገኘችኝ። ሸሽቼ ነበር፣ ግን መንገዱ አንድ ነው።

"ቲቸር" አለች፣ "ለእነሱ አትንገር። ኸላስ፣ እሱ አለቀ። ለጓደኛዬ ብቻ ንገር። እኔ ብነግራት አትሰማም። እንድትሄድ አልፈለግኩም በልልኝ።"

"እነግራታለሁ" አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ቃል ገባሁላት፤ እሷም ለሁለተኛ ጊዜ አመነችኝ።

በዚያው ሳምንት የወሎዋን ልጅ ጠርቼ ነገርኳት። ይህን ማድረጌን እንደ በጎ ነገር ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ብቻዋን በተቀመጠችበት ወንበር አጠገብ ቆሜ፣ "ጓደኛሽ ሂዱ ማለቷ አልነበረም። መልስ ይስጡ ለማለት ነው። 'ይመልሱ' ልትል 'ይመለሱ' አለች" አልኳት።

ልጅቱ አፏን በመዳፏ ያዘች። "ወየው! አማርኛዋ ነው ለካ?"

እዚህ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይጠበቅብኝ ነበር። የለም፣ የእኔ እስክሪብቶ ነው ማለት።

"አዎ" አልኩ። "አማርኛዋ ነው።"

"ምስኪን! ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ መለሰና ተመለሰ አንድ አይደለም እያልኩ" ብላ አለቀሰች። ጓደኛዋን ይቅር አለቻት፤ የይቅርታው ምክንያት ግን የእኔ ውሸት ሆነ። እሷም ያዘነችላት መስሏት ለሌሎች አወራችው፤ ሌሎቹ ደግሞ ያለ ሐዘን አወሩት።

በሚቀጥለው መስከረም የቀርከሃው ትምህርት ቤት አልተከፈተም። የተመደበው መምህር የመንገዱን አስቸጋሪነት ሰምቶ ቀረ፤ ሌላ የሚልኩት ሰው አልነበራቸውም። ይህን የነገረኝ ያ የቢሮው ወጣት ነው። ገበያ ውስጥ አግኝቶኝ፣ ሳልጠይቀው ነገረኝና መንገዱን ቀጠለ።

የዝውውር ደብዳቤዬ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። መምህራኑ ዳቦና ለስላሳ አዘጋጅተው ሸኙኝ። ዳይሬክተሩ "ጓዶች" ብሎ ጀመረ፣ አረመው፣ አመሰገነኝ። ከዚያ የታሪክ መምህሩ ተነሥቶ ጨዋታ ላምጣ አለ። አንዲት የበርታ ተማሪ ነበረችን፣ አለ፤ "ይመልሱ" ልትል "ይመለሱ" ብላ አገር ልታቃጥል ነበር፤ በአንዲት ፊደል! የልጅቱን አነጋገር እያስመሰለ፣ "ቲቸር ያውቃል" እያለ ተናገረው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አዲስ የመጡት መምህራን ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ ተናጋሪው እንዲደግምላቸው ለመኑት። እሱም ደገመውና ሲጨርስ ብርጭቆውን ወደ እኔ አነሣ።

"የአማርኛ መምህራችን ምስክር ናት። እንዲያ አልነበረም?"

ሁሉም እየሳቁ ወደ እኔ ዞሩ።

"እንዲያ ነበር" አልኩ፣ እኔም ሳቅሁ።